«ዕድሌ ነው» አትበሉኝ!

ጓደኞቼ፣ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ተናድጄ ነው የምጽፈው። የሚቀየም ይቀየም።

ሰሞኑን እዚሁ ሸዋ ሮቢት፣ ሰው ግቢ ውስጥ፣ የአንድ አሮጌ ባለ ሰንሰለት ትራክተር ሰንሰለት ሲፈታ የድሮ ተማሪዬ ዓይኑን ተጎዳ። ፒኑን በማርቴሎ ሲመታ የብረት ፍንጣሪ ገባበት። ጣርማበርን አቋርጠው ደብረ ብርሃን አደረሱት። ስደውልለት «ቲቸር፣ ዕድሌ ነው» አለኝ።

ዕድል አይደለም ልጄ፣ ፊዚክስ ነው። ጠንካራ ብረት ጠንካራ ብረትን ሲመታ ይፈነጠራል። መነጽር ብታደርግ፣ በማርቴሎውና በፒኑ መሃል ነሐስ ብታስገባ ዛሬ ቡና እየጠጣን እናወራ ነበር።

ዓይኑ ብቻ መጎዳቱም ተመስገን ነው። ሰንሰለቱን ወጥሮ የሚይዘው ከፊተኛው ጎማ ኋላ ያለው ወፍራም ሞላ ነው፤ ብዙ ቶን ጉልበት ታምቆበታል። እሱን ግቢ ውስጥ መበተን ሞትን መጥራት ነው። ውጥረቱ በግራሶ የሚስተካከል ከሆነ ደግሞ ቫልቩ ከጎን ተቁሞ፣ ቀስ ተብሎ ነው የሚላላው። በዚያ ግፊት የወጣ ግራሶ ቆዳ በስቶ ይገባል። ቁስሉ የመርፌ ቀዳዳ ስለሚያህል ሰው ይንቀዋል፤ ግን በፍጥነት ቀዶ ሕክምና ካላገኘ እጅ ያስቆርጣል።

የጋራዥ ጌቶች «እኛም እንዲሁ ነው የተማርነው» ይሉኛል። እጃችሁን አከብራለሁ፤ መለዋወጫ በሌለበት ማሽን የምታስነሱ እናንተ ናችሁ። ግን ልጠይቃችሁ፦ አብረዋችሁ የጀመሩት ሁሉ ዛሬ የት ናቸው? ጣቱን ያጣው ሙያውን ትቶ ሄዷል። «ምንም አይልም» የሚለው የተረፈው ብቻ ነው።

«ድሃ ነን» የሚለውንም ሰምቻለሁ። እውነት ነው፣ ለሎቤድ የሚከፍል ስለሌለ ነው ሥራው ግቢ ውስጥ የሚሠራው። እሺ፣ ግቢ ውስጥ ይሠራ! ግን መነጽር ከአንድ ኩንታል ሽንኩርት በታች ነው። ሜዳ ቦታ ማቆም፣ ግራና ቀኝ ድንጋይ መወተፍ፣ ሰንሰለቱ በሚወድቅበት በኩል ሰው አለማስቆም ደግሞ ሳንቲም አያስወጣም። የትልቁ ማሽን ሰንሰለት የአንዱ ጎን ብቻ ከቶን በላይ ይመዝናል፤ «ቆይ» ቢሉት አይሰማም።

እኔም ከደሙ ንጹህ አይደለሁም። የሞላን ቀመር ሰሌዳ ላይ ጽፌ፣ ፈትኜ፣ ማርክ ሰጥቻለሁ። አንድ ቀን እንኳ «ይሄ ነገር ሰው ይገድላል» አላልኩም። ከዚህ በኋላ እላለሁ።

ቀወት፣ ሰንበቴ፣ አጣዬ ጋራዥ የምትሠሩ ልጆቼ፦ «መነጽር ከሌለ አልመታም» በሉ። በዚህ ጌታችሁ ካባረራችሁ ደውሉልኝ፤ ራሴ መጥቼ እለምንላችኋለሁ። ሆስፒታል መጥቼ ከምጠይቃችሁ ጋራዥ በር ላይ ቆሜ ብለምን ይሻለኛል።