ከቀረጥ ነፃው ገበያ ለአነስተኛው ነጋዴም ይከፈት

የአውሮፓ ኅብረት እጅግ ባላደጉ አገሮች ለሚመረቱ ዕቃዎች፣ ከጦር መሣሪያ በስተቀር፣ ገበያውን ያለ ቀረጥና ያለ ኮታ ከከፈተ ከ2001 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ኢትዮጵያም የዚሁ ዕድል ተጠቃሚ ናት። ይሁንና በሕግ የተሰጠ መብት ሁሉ ከነጋዴው እጅ አይደርስም፤ ሻጩም ሒሳብ ያዡም ራሱ ለሆነ ነጋዴ ደግሞ ይበልጡን ይርቃል።

በጥሬ ቡና ላይ ልዩነቱ አይታይም። ካፌይኑ ያልወጣለት ጥሬ ቡና ከየትም ቢመጣ ቀረጥ የለበትም። ተቆልቶ ሲገባ ግን መደበኛው ቀረጥ 7.5 በመቶ ነው፤ በአብዛኛው ልብስ ላይ ደግሞ 12 በመቶ ይደርሳል። እንግዲህ ዕድሉ በእርግጥ የሚጠቅመው አገር ውስጥ ቆልቶ የሚያሽገውንና ልብስ ሰፍቶ የሚልከውን ነው። የልብሱ ደንብ እንዲያውም ለጋስ ነው፤ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከውጭ የገባ ጨርቅ በኢትዮጵያ ከተሰፋ እንደ ኢትዮጵያ ምርት ይቆጠራል።

ችግሩ ያለው የዕቃውን መገኛ በማረጋገጡ ላይ ነው። የጭነቱ ዋጋ ከ6,000 ዩሮ ካልበለጠ ማንኛውም ላኪ የመገኛ መግለጫውን በደረሰኙ ላይ ራሱ ሊጽፍ ይችላል፤ የማንም ማኅተም አያስፈልገውም። ከዚያ በላይ ከሆነ ግን በተመዘገቡ ላኪዎች ሥርዓት ውስጥ መግባት ግድ ነው። በኪሎ 15 ዩሮ የሚሸጥ የተቆላ ቡና 400 ኪሎ ላይ ጣሪያውን ይነካል። መግለጫው ስህተት ሆኖ ቢገኝ ደግሞ ጉምሩክ በሦስት ዓመት ውስጥ ቀረጡን የሚጠይቀው አስመጪውን ነው። በፍራንክፈርት አንዲት ሱቅ ያላት ኢትዮጵያዊት ቀረጡን ከፍላ መገላገልን ብትመርጥ ማን ይፈርድባታል?

ቀላሉ እርምጃ ቋንቋ ነው። መግለጫው በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ ወይም በስፓኒሽ መጻፍ አለበት፤ ኅብረቱ ለነጋዴዎች ያዘጋጀው የመረጃ ድረ ገጽም በአማርኛ አይነበብም። የመግለጫውን ቃል ከነአማርኛ ማብራሪያው በአንድ ገጽ አትሞ በንግድ ምክር ቤቶችና በኤምባሲዎች በኩል ማደል ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ከባዱ የጣሪያው ጉዳይ ነው። ለአነስተኛ ላኪዎች ከፍ እንዲል መጠየቅ ተገቢ ነው። ነገር ግን የምክር ቤት አባላት ረዳቶች አንድ ነገር ልብ ሊሉ ይገባል፦ 6,000 ዩሮው የተጻፈው በቀረጥ ቅናሹ ደንብ ውስጥ ሳይሆን በጉምሩክ ሕጉ ማስፈጸሚያ ውስጥ ነው። ጥያቄው ለኮሚሽኑ የንግድ ክፍል ብቻ ከተላከ ተንከራቶ ይቀራል፤ የግብርና የጉምሩክ ክፍሉም በስም ተጠቅሶ ሊጠየቅ ይገባዋል።