የገና ስጦታ ዕዳ አይሁን

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ታኅሣሥ በተጋመሰ ቁጥር ብዙው የመንግሥት ሠራተኛ በልቡ የሚያወጣውና የሚያወርደው፤ ዳሩ ግን ይሉኝታ ይዞት ከአፉ የማያወጣው አንድ ነገር አለ። ይኸውም ለልደት በዓል በቤተ ዘመድ መካከል የምንሰጣጠው ስጦታ ነው። ስለዚሁ ጉዳይ ያለኝን አነስተኛ ሐሳብ በአንባብያን ደብዳቤ ዓምድ ላይ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

አንባብያን ይህን ሲመለከቱ «መምህሩ ደግሞ ሊገሥጸን ተነሣ» እንዳይሉኝ አስቀድሜ አንድ ነገር ልናዘዝ። በእኛ ቤት ይህን ልማድ ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ያደረሰውም ጉዳት ከእኔ የመጣ ነው። ስለዚህ የምጽፈው በሌላው ለመፍረድ ሳይሆን ከራሴ ስሕተት ያገኘሁትን ትምህርት ለመሰሎቼ ለማካፈል ነው።

እኔ የተማርሁት በሚስዮን ትምህርት ቤት ነው። በዚያ የልደት በዓል ሲቃረብ መምህራችን የክፍሉን ልጆች ስም በብጣሽ ወረቀት ጽፈው በባርኔጣቸው ውስጥ ከጨመሩ በኋላ እያንዳንዳችንን ዕጣ ያስወጡን ነበር። ስሙ የደረሰንን ልጅ ለማንም ሳንናገር በእጃችን የሠራነውን አንድ ነገር በዕለቱ በጠረጴዛ ላይ እናኖርለታለን። አንዱ ከሽቦና ከቆርኪ መኪና ይሠራል፤ አንዷ መሐረብ ትጠልፋለች፤ ሌላው ሥዕል ይሥላል። ለስጦታው ገንዘብ ማውጣት ክልክል ነበር። የሀብታም ልጅና የድኃ ልጅ በዚያ ጠረጴዛ ላይ አይለዩም ነበር።

አድጌ መምህር ሆንሁ፤ ትዳር ያዝሁ፤ ልጅ ወለድሁ። በ2012 ዓ.ም. ለልደት በእናታችን ቤት የፕላስቲክ የገና ዛፍ አቆምሁና፤ ለወንድሞቼና ለእኅቶቼ ልጆች ሁሉ በሚያብረቀርቅ ወረቀት የተጠቀለለ መጫወቻ ገዝቼ ከሥሩ ደረደርሁ። ልጆቹ ዘለሉ፤ እኔም ኮራሁ። ከትምህርት ቤቴ ዛፉንና መጠቅለያ ወረቀቱን አስታውሼ ዕጣውንና የእጅ ሥራውን እንደ ረሳሁ ግን ያን ጊዜ አልታየኝም። «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» የሚባለው በእኔ ተፈጸመ።

በሚቀጥለው ዓመት ወንድሞቼ ብድር መላሾች ሆነው መጡ። ብድር በምድር ነውና ማንም ወደ ኋላ መቅረት አልፈለገም። በየዓመቱም ሣጥኑ እየተለቀ፤ ዋጋውም እየከበደ ሄደ። እናታችን አንድ ቀን «ልጄ፤ ቤቴን እኮ ሱቅ አደረጋችሁት» አለችኝ። እኔ ግን ቀልድ መስሎኝ ሣቅሁ።

እኔ የሒሳብ መምህር ስለ ሆንሁ ነገሩን በቁጥር ላስረዳ። እኛ 5 ወንድማማቾችና እኅትማማቾች ነን፤ በጠቅላላው 11 ልጆች አሉን። እያንዳንዱ ቤት ለሌሎቹ ቤት ልጆች አንድ አንድ ስጦታ ቢገዛ በአንድ በዓል 44 ስጦታ ይገዛል ማለት ነው። ሦስት ልጆች ያሉት ታላቅ ወንድሜ የሚገዛው 8 ነው። አንድ ልጅ ብቻ ያላት ታናሽ እኅታችን ግን 10 ስጦታ ገዝታ ልጅዋ የሚቀበለው 4 ነው። እንግዲህ ይታያችሁ፤ ከሁላችንም ደመወዝዋ የሚያንሰው፤ ልጅዋንም ብቻዋን የምታሳድገው እርሷ ናት። ለአንድ ተራ መጫወቻ 200 ብር ብቻ ቢታሰብ እንኳ 2,000 ብር ታወጣለች። ይህን ሒሳብ ለተማሪ ብሰጠው በአምስት ደቂቃ ይሠራው ነበር፤ እኔ ግን አራት ዓመት ሙሉ አልሠራሁትም።

በ2016 ዓ.ም. ልደት፤ ዘመኑ ዘመነ ዮሐንስ ስለ ነበር በዓሉ ታኅሣሥ 28 ቀን ዋለ። ሁላችንም በእናታችን ቤት ተሰበሰብን፤ ታናሽ እኅታችን ግን አልመጣችም። «ሥራ ስላለብኝ ነው» ብላ በስልክ ነገረችን። እናታችን የእርሷን የዶሮ ብልት ለይታ፤ የልጁንም ዳቦ በመሶብ ሸፍና እስከ ማታ በር በሩን ስታይ ዋለች። እኅቴ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት። የመንግሥት መዝገብ ቤት በልደት ዕለት እንደማይከፈት እኔም አውቃለሁ፤ እናታችንም ታውቃለች። ነገር ግን ማናችንም አልተናገርንም።

በሳምንቱ ወደ ቤትዋ ሄድሁ። ቡና አፍልታ ከተቀመጠች በኋላ አጥብቄ ብጠይቃት እንዲህ አለችኝ፦ «ጋሼ፤ አምና የገዛሁበትን ብድር ከፍዬ የጨረስሁት በመጋቢት ነው። ዘንድሮ የሚያበድረኝ አላገኘሁም። ባዶ እጄን ገብቼ ልጄ አራት ስጦታ ተሸክሞ ሲወጣ ለማየት ደግሞ ፊት አልነበረኝም።» ይህን ስትል ልጅዋ በአጠገባችን ሆኖ የቤት ሥራውን ይሠራ ነበር። እኔ የምመልስላት ቃል አላገኘሁም። በዓሉ የተሠራው ቤተ ዘመድ እንዲሰበሰብ ሆኖ ሳለ፤ እኔ ያመጣሁት ስጦታ እኅቴን ከእናትዋ ቤት አስቀራት።

ከዚያ በኋላ ብዙ አሰብሁ። በመጀመሪያ ያሰብሁት ስለ ሰብአ ሰገል ነው። ወርቅና ዕጣን ከርቤም ይዘው ከሩቅ አገር የመጡት ለተወለደው ሕፃን ሊሰጡ ነው እንጂ እርስ በርሳቸው ሊለዋወጡ አልነበረም። ፈረንጆች የገና አባት የሚሉትም መነሻው በ4ኛው መቶ ዓመት የሚራ ኤጲስ ቆጶስ የነበረው ቅዱስ ኒቆላዎስ ነው። በትውፊት እንደሚነገርለት ለሦስት ድኃ ልጃገረዶች የሚሆን ወርቅ በሌሊት ተሸሽጎ ሰጠ። በሌሊት መስጠቱ ተቀባዮቹ እንዳያፍሩ ነው። እኛ ግን የምንሰጠው በቀን፤ ዘመድ በተሰበሰበበት፤ የማን ሣጥን ከማን እንደሚበልጥ በሚታይበት ነው።

የገዛ አገራችንን ልማድ ብንመለከት ደግሞ ይብስ ያሳፍረናል። የገና ዕለት ዋናው ደስታ በሜዳ ላይ የሚደረገው የገና ጨዋታ ነበር። ዱላው ከጫካ ይቆረጣል፤ ጥንጓም ከእንጨት ትድበለበላለች፤ የሚወጣ ገንዘብ የለም። በዚያን ቀን ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ ይጋፋሉ፤ ሎሌው ጌታውን ቢረታ እንኳ ቁጣ አልነበረም። አባቶቻችን ልደትን የሰው ደረጃ የሚረሳበት ቀን አድርገውት ነበር፤ እኛ የሰው ደረጃ የሚለካበት ቀን አደረግነው።

ከዚህም ሌላ የደመወዝተኛው ወር አቈጣጠር አለ። ልደት ታኅሣሥ 29 ቀን ሲሆን ደመወዝ የምንጠብቀው ወሩ በሚያልቅበት በዚያው ሰሞን ነው። የተቀበልነውን ለበግ፤ ለዶሮ፤ ለቅቤና ለስጦታ አውጥተን ስንጨርስ በ12ኛው ቀን ጥምቀት ይመጣል። ጥምቀት ደግሞ ልጅ አዲስ ልብስ የሚለብስበት በዓል ነው። የጥር ደመወዝ ገና ሦስት ሳምንት ያህል ይቀረዋል። በመካከሉ የቤት ኪራይ፤ የዕድርና የዕቁብ መዋጮ አለ። እነዚህን አንድ ሰው ይቅርብኝ ሊላቸው አይችልም፤ ሊቀርለት የሚችለው ስጦታው ብቻ ነው። ዳሩ ግን እርሱንም አንዱ ብቻውን ሊተወው አይችልም፤ ሁሉም ተስማምቶ ካልሆነ በስተቀር የተወው ሰው ንፉግ ይባላልና። የነገሩ ቍልፍ እዚህ ላይ ነው። ንግግሩን መጀመር የሚገባውም ብዙ ያለው ሰው ነው። ያነሰው ቢጀምረው ልመና ይመስልበታል።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ወንድሞቼንና እኅቶቼን በእናታችን ቤት ሰብስቤ ጥፋቴን ተናገርሁ። እኅቴ ያለችኝን ግን አላነሣሁም፤ የራሴን ሒሳብ ብቻ በወረቀት አሳየኋቸው። ታላቅ ወንድሜ ቁጥሩን ካየ በኋላ «እኔስ እናንተ እንዳትቀየሙኝ ብዬ ነው እንጂ ከሰለቸኝ ቆይቷል» አለ። ለካስ ሁላችንም አንዳችን አንዳችንን ፈርተን ስንገዛ ኖረናል። ከዚያ የሚከተለውን ደንብ አወጣን።

አንደኛ፤ የነቢያት ጾም በሚገባበት በኅዳር 15 ቀን የ11ዱ ልጆች ስም በወረቀት ተጽፎ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ዕጣ ያወጣል፤ የራሱ ወይም አብሮት በአንድ ቤት የሚኖር ልጅ ስም ከወጣለት ይመልሰዋል። በዚህ ዓይነት ሁሉም አንድ ይሰጣል፤ አንድ ይቀበላል። 44 የነበረው ስጦታ 11 ሆነ ማለት ነው።

ሁለተኛ፤ ስጦታው በልጁ እጅ የተሠራ እንዲሆን፤ ለዕቃው የሚወጣው ገንዘብም ከ100 ብር እንዳይበልጥ። ከኅዳር 15 እስከ ልደት ከ40 ቀን በላይ ስለ አለ ለመሥራት በቂ ጊዜ ነው።

ሦስተኛ፤ እኛ ታላላቆቹ እርስ በርሳችን ምንም ላንሰጣጥ፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ቤት የቻለውን ያህል ስም በማይጻፍበት ፖስታ አሽጎ ለእናታችን አንድ ጉዳይ እንዲያዋጣ። ማን ስንት እንደ ጨመረ የሚያውቅ የለም።

ዕጣ ማውጣት የፈረንጅ ነገር ነው የሚለኝ ቢኖር፤ ቅርጫ ሲገባ መደቡ ከተደለደለ በኋላ ሥጋው በምን እንደሚከፋፈል ያስታውስ። ዕቁባችንስ በምን ይወጣል? ዕጣ ከጥንት ጀምሮ አድልዎን የምናርቅበት የገዛ ሥርዓታችን ነው።

የልደት ቀን ደረሰና ታኅሣሥ 29 ቀን 2017 ዓ.ም. እኅቴ ከሁላችንም ቀድማ በጥዋት መጣች፤ ዶሮውንም የገነጠለችው እርሷ ናት። የልጅዋ ዕጣ የደረሰው ለእኔ ሴት ልጅ ስለ ነበር ከሽቦና ከቆርኪ የሠራውን መኪና ሰጣት። ጎማዎቹ አራቱም እኩል አልነበሩምና ስትጎትታት ወደ ግራ ትሄዳለች። ልጄም ይህን አይታ ብትሥቅ ልጁ ተቀምጦ ሲያስተካክልላት አመሸ። ከዚያ በፊት የገዛሁላቸው የፕላስቲክ መጫወቻዎች ጥምቀት ሳይደርስ ይሰባበሩ ነበር፤ ይህች መኪና ግን እስከ ዛሬ በቤቴ አለች። በፖስታው የተዋጣው ገንዘብም ለእናታችን መነጽር ሆነ። አሁን ዳዊትዋን የሚያነብላት ሰው አትጠብቅም።

«ልጆች ቅር አይላቸውምን?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። በመጀመሪያው ቀን የእኔም ታናሽ ልጅ «አንድ ብቻ ነው?» ብሎ አኵርፏል። ይህን መደበቅ አይገባኝም። ሆኖም ኩርፊያው ከምሳ በኋላ አልቆየም፤ ከአክስቱ ልጅ ጋር ሲሯሯጥ ረሳው። የሣጥን ማነስ የአንድ ሰዓት ኩርፊያ ነው፤ የዘመድ መቅረት ግን ለብዙ ዘመን የማይረሳ ሐዘን ነው። ያለው ሰው ለምን ይከለከላል ለሚሉም መልስ አለኝ፤ ያለው ይስጥ እንጂ፤ ማን ይከለክለዋል? ነገር ግን ልግስናው በቤቱ ውስጥ ውድድር ከሚያስነሣ ይልቅ ጧሪ ወደሌለው ጎረቤት ወይም ደብተር ወደሌለው ተማሪ ቢሄድ ይሻላል። እኔ በክፍሌ ውስጥ እንዲህ ያሉትን ተማሪዎች በየዓመቱ አያለሁ።

የተከበራችሁ አንባብያን፤ «እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር» የሚለውን ምክር ሁላችንም እናውቀዋለን። እኔ በዚህ ላይ የምጨምረው፤ እንደ ወንድምህም ለመኖር አትድከም፤ ወንድምህንም እንደ አንተ እንዲኖር አታስገድደው የሚለውን ነው። ከበዓሉ በፊት ከቤተ ዘመድ መካከል ደመወዝዋ ወይም ደመወዙ የሚያንሰው ማን እንደ ሆነ አስቡ። ባለፈው ዓመት «ሥራ አለብኝ» ብሎ የቀረ ዘመድ ካላችሁም መሥሪያ ቤቱ በዚያን ቀን ክፍት እንደ ነበረ አንድ ጊዜ መርምሩ።



አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአዲስ አበባ