ማንም ያልሞተበት ለቅሶ
አንዳንድ ዳይሬክተር ሰው ካልገደለ ተመልካች የሚያለቅስለት አይመስለውም። እኔ ግን አንጀት በመብላት የቪቶሪዮ ዴ ሲካን «የብስክሌት ሌቦች» (እ.ኤ.አ. 1948) መጨረሻ የሚያህል ትዕይንት አላየሁም፤ ማንም አይሞትበትም። ብስክሌቱን ተሰርቆ እንጀራው ሊዘጋ የደረሰ አባት፣ ቢቸግረው ራሱ ሊሰርቅ ሲል ይያዛል። ሰዉ ከቦ ያዋክበዋል፣ በጥፊም ይለዋል። ትንሹ ልጁ ብሩኖ እያለቀሰ ልብሱን ይጎትታል፤ ቀጥሎ መሬት የወደቀውን የአባቱን ባርኔጣ አንስቶ አቧራውን ያራግፋል። ባለንብረቱ እንኳ ክሱን የተወው ልጁን አይቶ ነው። ጥፊውስ ይሁን፣ ይረሳል፤ ልጅ ፊት መዋረድ ግን ምን መድኃኒት አለው? አባትየውን የሠራው ላምቤርቶ ማጆራኒ ተዋናይ ሳይሆን የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፤ ለዚህም ይመስለኛል ለቅሶው የማያምርበት። እንኳንም አላማረበት!