«ምን ይፈይድልሻል?»

ጂማ ውስጥ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ሰፈር ቡና ሲፈላ ከስኒው ጋር ምክርም ይቀርባል። መንፈቅ ሞልቶት አንገቱ ያልጠና፣ አንቀልባ ውስጥ እንደ ጨርቅ የሚልፈሰፈስ ልጅ ያላት እናት «ጂማ ሆስፒታል ላሳየው» ስትል፣ «ተይ እቴ፣ መድኃኒት ለሌለው ነገር ስሙን ብታውቂው ምን ይፈይድልሻል?» ትባላለች። የጎረቤት ምክር ብቻ ቢሆን ባልተቆጣሁ። ነጭ ጋወን የለበሰውም «የተፈጥሮ ነው፣ ምንም አይደረግለትም» ብሎ ይሸኛታል።

ግማሹ እውነት ነው። እንዲህ ከሚያልፈሰፍሱት አንዱ የሆነውን ዳውን ሲንድረምን እንውሰድ። ተመራማሪዎቹ እነ ጄሮም ሌዠን በ1959 እ.ኤ.አ. ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ልጆች በ46 ፈንታ 47 ክሮሞሶም እንዳላቸው ካሳወቁ ወዲህ፣ ትርፉን 21ኛ ክሮሞሶም የሚያስወግድ መድኃኒት አልተገኘም። ልጁን የሚቀጥፈው ግን ብዙ ጊዜ ሊታከም የሚችል ነገር ነው። ከእነዚህ ሕፃናት ግማሽ ያህሉ ከነልብ ችግራቸው ይወለዳሉ። ችግሩ በልብ አልትራሳውንድ ይታያል፤ አብዛኛውም በቀዶ ሕክምና ይስተካከላል። ከዘገየ ግን የሳንባ ደም ሥሮች ግፊት እያየለ ይሄድና ቀዶ ሕክምናውም የማይሞከር ይሆናል። የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ በደም ምርመራ ይታወቃል፣ በክኒን ይታከማል፤ ችላ ሲባል ያለውንም እድገት ወደ ኋላ ይጎትታል። ጆሮው ውስጥ ፈሳሽ ተጠራቅሞ የማይሰማውን ልጅ ደግሞ እኛ «አይገባውም» እንለዋለን።

ብርቅ የሆኑትም እንዲሁ ናቸው። ከ22ኛው ክሮሞሶም ቁራጭ የጎደለው ልጅ ካልሲየሙ ወርዶ ሊያንቀጠቅጠው ይችላል፤ ስሙን ያወቀ ሐኪም ካልሲየሙን ይለካል፣ ያላወቀ የሚጥል በሽታ ነው ብሎ ያልፋል። ከ5ኛው የጎደለው ሕፃን ለቅሶው የድመት ድምፅ ይመስላል፣ ጉሮሮው አካባቢ ያለው የአፈጣጠር ልዩነት ነው የሚያመጣው። ይህን ሳይነግሩ እናትየዋን ወደ መንደር መስደድ ለሐሜተኛ አሳልፎ መስጠት ነው። እርግማን ነው ይሏታል፤ በእርግዝናዋ ያየችውንና የበላችውን ይቆጥሩባታል። ትርፍ ክሮሞሶም ግን በአብዛኛው የዘር ሕዋስ ሲከፈል በሚደርስ ስህተት የሚመጣ ነው፣ ጠባይዋም ምግቧም የለበትም። አልፎ አልፎ ደግሞ ከወላጅ የሚወረስ የክሮሞሶም መዛወር አለ፤ ቀጣይ ልጅ ለሚያስቡ ባልና ሚስት ይህን ማወቅ ትልቅ ነገር ነው።

የክሮሞሶም ምርመራ በየሆስፒታሉ አይገኝም፣ ይገባኛል። ልብና ታይሮይድን ለማየት ግን ያን ውጤት መጠበቅ አያስፈልግም፤ የልጁን መልክና መልፈስፈስ ያስተዋለ ሐኪም ዛሬውኑ ሊያዝ ይችላል። አባዱላ ገመዳን የሚያህል ባለሥልጣን ዳውን ሲንድረም ባላት ልጁ ስም ዲቦራ ፋውንዴሽንን ሲያቋቁም፣ የሁኔታውን ስም አደባባይ ማውጣት ነውር እንዳልሆነ አሳይቷል።

ጂማ ዩኒቨርሲቲ የሚታወቀው ተማሪዎቹን ከመማሪያ ክፍል አውጥቶ ወደ ማኅበረሰቡ በመላክ ነው። እንግዲህ ተማሪዎቹ ስለ ውሃና መጸዳጃ ቤት በሚጠይቁበት ቅጽ ላይ ሁለት ጥያቄ ይጨመር፦ ልጁ አንገቱ መቼ ጠና? መቼ ተቀመጠ? ተማሪዎች ሆይ፣ ልጇ የዘገየባትን እናትም ወረቀት ጽፋችሁ ወደ ሕፃናት ሐኪም ላኳት።