«ኃይለኛ ውሻ አለ»

በአሰላም ሆነ በአዲስ አበባ፣ በቆርቆሮ በር ላይ በቀለም የተጻፈችውን ይህችን የሦስት ቃል ማስጠንቀቂያ ያላነበበ ሰው አይገኝም። እንደ አንድ ጽሑፍ ስመዝናት ግን ቅሬታ አለኝ፤ ብዙ ጊዜ እውነት አይደለችም። ከበሩ ጀርባ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ኃይለኛ ሳይሆን ፈሪ ውሻ ነው። ይህ የቃላት ጨዋታ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን የሕፃን እጅ የሚቆስለው ወይም የሚተርፈው፣ ውሻውም በሕይወት የሚቆየው ወይም በመርዝ የሚሞተው በእነዚህ ሁለት ቃላት መካከል ባለው ልዩነት ነው።

ፈሪው ውሻ ምልክቱ ብዙ ነው። እንግዳ ሲገባ ጅራቱን በእግሮቹ መካከል ይሸጉጣል፤ ጆሮውን ወደ ኋላ ያስተኛል፤ ፊቱን አዙሮ በዐይኑ ጥግ ይመለከታል፤ ሳይርበው ከንፈሩን ይልሳል። እንግዳው ፊት ለፊት ሲያየው ይሸሻል፤ ጀርባውን ሲሰጠው ግን ከኋላ መጥቶ ተረከዙን ወይም ባቱን ነከስ አድርጎ ይመለሳል። ይህ ጀግንነት አይደለም፤ «ሂድልኝ» የሚል ልመና ነው። እንግዳው በርግጎ ሲሮጥ ውሻው አንድ ትምህርት ይቀስማል፤ መንከስ ያዋጣል። በማግስቱም ይደግመዋል።

ይህን ፍርሃት ከሞላ ጎደል የምንሠራው እኛው ነን። ከአሰላ በላይ፣ በጭላሎ ግርጌ ባሉት የገብስና የስንዴ መንደሮች፣ ኦሮምኛው «ሳሬ» የሚለው ውሻ ሰውና ከብት፣ ሕፃንና መንገደኛ ሲመላለስ እያየ ያድጋል። ወደ ከተማ ያመጣነውን ቡችላ ግን «ክፉ እንዲሆን» ብለን ገና በለጋነቱ በአጭር ሰንሰለት እናስረዋለን። ስኮትና ፉለር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ ቡችላ ዓለምን የሚለማመድበት ዋናው ዕድሜ ከሦስተኛው እስከ ዐሥራ ሁለተኛው ሳምንት ገደማ ያለው ነው። በዚያ ዕድሜው ሰንሰለትና ግድግዳ ብቻ ያየ ውሻ፣ በኋላ ሰው ሁሉ ባዕድ ቢሆንበት አይፈረድበትም። የፈራ እንስሳ ሁለት መንገድ አለው፤ መሸሽ ወይም መንከስ። ሰንሰለቱ አንዱን ይዘጋበታል።

የሥነ ጽሑፍ ወዳጆችን ይበልጥ ሊያሳስበን የሚገባው ግን ሌላ ነገር ነው። ውሻ ከመንከሱ በፊት ይናገራል። ማጉረምረሙ ቋንቋው ነው፤ «እዚህ ላይ ቁም» ማለቱ ነው። እኛ ደግሞ ባጉረመረመ ቁጥር በዱላ እንለዋለን። ፍርሃቱ ይቀራል መሰላችሁ? አይቀርም፤ የሚቀረው ንግግሩ ነው። ከዚያ በኋላ «ሳይታሰብ ነከሰ» ይባልና ይፈረድበታል። አፉን የዘጋነው እኛ፣ ዝም ብሎ ነከሰ ብለን የምንከሰውም እኛ! በባንክ መስኮት ጀርባ ለሚውል እንደ እኔ ላለ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ አብዝቶ የሚጮኸው ደንበኛ ብዙውን ጊዜ ገንዘቤ ጠፋ ብሎ የፈራው ነው። ብትጮኹበት ይብሳል፤ ብታስረዱት ይረጋጋል።

«ካልነከሰ ታዲያ ውሻ ምን ይሠራል?» የሚሉ አይጠፉም። የጠባቂ ውሻ ሥራ መጮኽ ነው። በፍርሃት የሚነክስ ውሻ ሌባውን ከጎረቤት ልጅ አይለይም፤ እንዲያውም ሌባው ዱላ ይዞ ስለሚመጣ፣ የሚነከሰው ባዶ እጁን የሚሮጠው ልጅ ነው።

መድኃኒቱ ርቀትና ትዕግሥት ነው። ውሻው የሚሸሽበትና ማንም የማይነካበት ጥግ ይኑረው። እንግዳ ሲመጣ ወደ ውሻው አይሂድ፤ ሳያፈጥበት ራቅ ብሎ ይቀመጥና ቁራሽ ዳቦ ይወርውርለት። ውሻው ተረጋግቶ የሚበላበት ርቀት በየቀኑ በጥቂቱ ይጠበባል፤ ከፈራ ወደ ቀድሞው ርቀት ይመለሳል። ልጆች ሲበላ፣ ሲተኛ፣ ሲታሰርና ቡችሎቿን ስታጠባ እንዳይጠጉ ይነገራቸው፤ ትንንሾቹ ያለ አዋቂ ከውሻ ጋር ብቻቸውን አይተዉ። የዋህ የነበረው ውሻ ድንገት ከተለወጠ ሕመም ሊሆን ይችላልና ለእንስሳት ሐኪም ይታይ።

ንክሻው ከደረሰ፣ ትንሽ ጭረት ብትሆን እንኳ፣ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብና ወዲያው ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ይገድላል። ጤነኛ የሚመስለውን ውሻም በቁጣ ከመግደል ይልቅ ዘግቶ ለ10 ቀን መከታተሉ ይጠቅማል፤ ሐኪሙም በዚያ ይመራል። በየዓመቱ ማስከተቡ ከሁሉ ይቀድማል። ክትባቱ የሚጠብቀው ቤተሰቡን ብቻ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ከውሾች የተዛመተው ይኸው በሽታ በባሌ ተራሮች ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን ፈጅቷል። የእኛም የአርሲ ተራሮች የዚሁ ብርቅዬ እንስሳ ቤት ናቸው።

እንግዲህ ቀለምና ብሩሽ ያለው ሰው ቢኖር፣ የበራችን ጽሑፍ እንዲህ ቢታረም ደስ ይለኛል፤ «ፈሪ ውሻ አለ፤ ቀስ ብለው ይግቡ»።