የታወጀ ዋጋ የተከፈለ ዋጋ አይደለም

«ኩባንያው በ33 ዶላር ከ50 ሳንቲም ሊገዛ ነው። አክሲዮኑ ግን ገና በ25 ይሸጣል። ልዩነቱ ያንተ ነው።» እዚህ አሜሪካ ከሥራ መልስ ቡና ላይ ስንቀመጥ ይህን መሰል ምክር ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ምክሩ ስህተት ነው፤ ስህተቱም «ያንተ ነው» ከምትለዋ ቃል ይጀምራል።

ኩባንያዎች ውህደት ሲያውጁ ስምምነቱ ገና የባለአክሲዮኖችን ድምፅና የተቆጣጣሪዎችን ፈቃድ ይጠብቃል፤ ሲከፋም ፍርድ ቤት ይደርሳል። በታወጀው ዋጋና በገበያው ዋጋ መካከል ያለው ክፍተት ውሉ ቢፈርስ ጉዳቱን ልሸከም ለሚል ሰው የሚከፈል የሥጋት ዋጋ ነው። ማንም ረስቶ ጥሎት የሄደ ገንዘብ አይደለም።

ከላይ ያለው ዋጋ የስፒሪት አየር መንገድ ነው። ሌላው አየር መንገድ ጄትብሉ በሐምሌ 2022 እ.ኤ.አ. ስፒሪትን በ3.8 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ተስማማ። በመጋቢት 2023 የአሜሪካ የፍትሕ መሥሪያ ቤት ውህደቱ ርካሽ ትኬት የሚፈልገውን መንገደኛ ይጎዳል ብሎ ከሰሰ። አክሲዮኑ እየወረደ 15 ዶላር ገደማ ሲደርስ ብዙ ግለሰቦች የገበያውን ጥርጣሬ እንደ ቅናሽ ቆጠሩት። «ክፍተቱ ሰፋ፣ ትርፉም አደገ» እያሉ ጨምረው የገዙ ነበሩ። ጥር 16 ቀን 2024 የቦስተኑ ዳኛ ዊሊያም ያንግ ውህደቱን አገዱ። በዚያች አንድ ቀን አክሲዮኑ 47 በመቶ ወደቀ። ቀደም ብለው የገዙት በመንገድ ላይ የተወሰነ ቅድመ ክፍያ ከጄትብሉ አግኝተው ነበር፤ መጨረሻ ላይ የገቡት ግን አብዛኛው አልደረሳቸውም። በኅዳር ወር ስፒሪት የኪሳራ ከለላ ጠየቀ፣ በመጋቢት 2025 ከዚያ ሲወጣም የድሮዎቹ አክሲዮኖች ተሰረዙ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው።

«የተሳካውስ?» የሚለኝ አይጠፋም። ማይክሮሶፍት የቪዲዮ ጨዋታ ኩባንያውን አክቲቪዥንን በ95 ዶላር እንደሚገዛ በጥር 2022 ሲያውጅ አክሲዮኑ ከ65 ተነሥቶ 82 ዶላር ገደማ ገባ። በዚያ ቀን የገዛ ሰው የሚያገኘው 13 ዶላር ነው፤ ውሉ ቢፈርስና ዋጋው ወደ ነበረበት ቢመለስ የሚያጣው ደግሞ 17። ለዚያውም ግዢው እስኪጠናቀቅ ሃያ አንድ ወር ፈጅቷል። ታዋቂው ባለሀብት ዋረን ባፌት በዚህ ግዢ ገብተው ነበር እየተባለ እንደ ማስረጃ ይጠቀሳል። እውነት ነው፣ ገብተው ነበር። ነገር ግን ግዢው ከመጠናቀቁ በፊት አብዛኛውን ድርሻቸውን ሸጠዋል፤ ምክሩን የሚሰጡት ሰዎች ይህን አያነሱትም።

በዚህ ሥራ የሚኖሩ ድርጅቶች ብዙ ውህደቶችን ባንድ ጊዜ ይይዛሉ፣ አንዱ ሲፈርስ ሌሎቹ ይደግፏቸዋል። የውድድር ሕግ ጠበቃ ቀጥረው ችሎት ያስቀምጣሉ። ከፈረቃ ሥራ የተረፈውን ገንዘብ በአንድ ውህደት ላይ የሚያኖር ወገኔ ያለው የዜና ርዕስ ብቻ ነው። እኔም በዚያው መንገድ ሄጃለሁ። አራት ውህደቶች ተሳኩልኝ፣ ጥቂት በጥቂትም አተረፍኩ። አምስተኛው ፈረሰ፤ የአራቱን ትርፍ በአንድ ጠዋት ጠራርጎ ከዋናውም ወሰደ። ያኔ የገባኝ ነገር ቢኖር እነዚያ አራት ስኬቶች ስለ አምስተኛው ምንም እንዳላስተማሩኝ ነው። እንዲያውም ድርሻዬን እንዳበዛ ያደፋፈሩኝ እነሱ ናቸው።

በውህደት ዜና አክሲዮን መግዛት ወንጀል አይደለም፤ አስልቶ የሚገባበት ሰው ይግባ። «የተረጋገጠ ትርፍ» ብሎ ለወገን ማውራት ግን ማሳሳት ነው። እባካችሁ፣ እንዲህ የሚላችሁን ሰው አንድ ነገር ጠይቁት፦ ውሉ ቢፈርስ አክሲዮኑ ስንት ይገባል? ቁጥሩን ካልነገራችሁ ገንዘባችሁን አታውጡ።