በባሕር ውስጥ ለተዘረጉ የጋዝ ቧንቧዎች ዘብ ስለ ማቆም

በባሕር ወለል ላይ ተዘርግተው ጋዝና ነዳጅ ዘይት የሚያስተላልፉት የብረት ቧንቧዎች ከሌላው የንግድ ማመላለሻ የሚለዩበት አንድ ጠባይ አላቸው። መርከብም ሆነ የጭነት መኪና ጉዳት ቢያገኘው ወዲያው ይታያል፤ በውሃ ውስጥ ያለው ቧንቧ ግን ቢሰነጠቅም ቢጣመምም ከሰው ዓይን የተሰወረ ነው። ስለዚህ ባለንብረቱ ጉዳቱን የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ ግፊቱ ከወደቀ በኋላ ነው። ይህም ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው።

ለዚህ ምስክር የሚሆነው ፊንላንድንና ኤስቶኒያን የሚያገናኘው፥ በባሕር ውስጥ 77 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ባልቲክኮኔክተር የተባለው የጋዝ ቧንቧ ነው። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ኦክቶበር 8 ቀን 2023 ሌሊት የቧንቧው ግፊት በድንገት ወረደ። በተደረገውም ምርመራ በአቅራቢያው የመርከብ መልሕቅና መልሕቁ እየተጎተተ የመጣበት ፈለግ ተገኘ። ቧንቧው ተጠግኖ ሥራ የጀመረው በኤፕሪል 2024 ስለሆነ፥ ፊንላንድ የብርዱን ወራት በሙሉ በመርከብ በሚመጣ ጋዝ ለማሳለፍ ተገደደች።

ለዚህ ችግር የሚበጅ መሣሪያ ዛሬ አለ። ይኸውም ለቴሌፎንና ለኢንተርኔት የሚያገለግለው ፋይበር ኦፕቲክ የተባለው የመስታወት ክር ነው። ክሩ ከቧንቧው ጋር ይዘረጋና ከየብስ ጣቢያ የሌዘር ብርሃን ይላክበታል፤ ከብርሃኑም ጥቂቱ በክሩ ውስጥ ተበታትኖ ወደ ኋላ ይመለሳል። ብርሃን በመስታወት ውስጥ በአንድ ሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፥ የተመለሰበት ጊዜ ሲለካ ለውጥ የደረሰበት ቦታ በሜትር ይታወቃል። ከከፍተኛ ግፊት የሚያመልጥ ጋዝ ዙሪያውን ያቀዘቅዛል፤ ሞቆ የሚተላለፍ ዘይት ሲፈስ ያሞቃል፤ ሞገድ አሸዋውን ጠርጎ ቧንቧው ሲንጠለጠል ክሩ ይወጠራል፤ መልሕቅ ሲጎተት ደግሞ ንዝረቱ ይሰማል። ክሩ ይህን ሁሉ ይናገራል።

እርግጥ ነው፥ መሣሪያው ጉድለት የለበትም አይባልም። ድምፅ የሚያዳምጠው ዓይነት ከአንድ ጣቢያ የሚደርሰው በአሥር የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮችን ያህል ስለሆነ፥ ረጅም መሥመር ተጨማሪ መሣሪያ ይፈልጋል። ከቧንቧው ርቆ የተዘረጋ ክር ሙቀቱን በሚገባ አይለይም። ቧንቧውን ከውስጥ የሚበላውን ዝገትም ቧንቧው እስኪያፈስ ድረስ ላያውቀው ይችላል።

ሆኖም ዋናው ጥያቄ የወጪ ጥያቄ ነው። ክሩን ከቧንቧው ጋር አብሮ መዘርጋት ከጠቅላላው የሥራ ዋጋ ጋር ሲመዛዘን ቀላል ነው፤ ኋላ ልዩ መርከብ ተከራይቶ መዘርጋት ግን እጅግ ይከብዳል። ገንቢው ይህን ወጪ ቢያስቀር ትርፉ የእርሱ፥ ኪሣራው ግን የገዢው ሁሉ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ለባለንብረቱ በጎ ፈቃድ ሳይተው በፈቃዱና በውሉ ውስጥ እንደ ግዴታ ሊጻፍ ይገባል። የኢንሹራንስ ኩባንያዎችም ዘብ ላለው ቧንቧ የሚጠይቁትን አረቦን ዝቅ ቢያደርጉ ፍርድ ነው። ማስጠንቀቂያውም በባለንብረቱ ቢሮ ሳይቀር በቅርብ ለሚያልፈው መርከብ በሬዲዮ ወዲያው ሊደርስ ይገባል፤ አለዚያ ክሩ የጉዳት መዝገብ እንጂ ዘብ አይሆንም።

ነገሩ የሩቅ ባሕር ጉዳይ ቢመስልም ለኢትዮጵያ ነጋዴ ባዕድ አይደለም። ከውጭ የሚገባው ዩሪያ ማዳበሪያ የሚሠራው በአብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው፤ የጋዝ ዋጋ ሲንር የማዳበሪያው፥ ከዚያም የእህሉ ዋጋ ይከተላል። ለመጋዘኑ ዘበኛ የሚቀጥር ነጋዴ የዘበኛውን ደመወዝ እንደ ኪሣራ አይቆጥረውም። ለባሕሩ ቧንቧም ፍርዱ ያው ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል።